ከጡብ ፋብሪካው በታች

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመስክ ሥራ ነበር። የመስክ ደብተር ግን መጨረሻው አለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለራሴ የምናገርበት አንድ ቦታ ይኑረኝ ብዬ ቤት አስቀረሁት።

ዛሬ የባቡር መስመሩ ስብሰባ ነበር። ወፊቱ አሸነፈች። ወፊቱ የምንላት የክፍላችን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናት። ሦስት ወር ሙሉ በቦቲ ጫማ ረግረጉ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ከርማ፣ መስመሩ ሊያልፍበት በታሰበው ቦታ ላይ ጎጆ የሠሩ ወፎች አግኝታ አንድ በአንድ ቆጥራ መጣች። ፎቶአቸውን ስታሳየን አለቃችን ደጋግመው አገላበጧቸው። ከዚያ "እንግዲህ ካሉ አሉ ነው" አሉና መስመሩ ከረግረጉ እንዲሸሽ ተወሰነ።

ወዴት ይሽሽ? የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ካርታ ዞረ። የእኔ ሥራ ቅርስ ነው። መስመሩ ሊያልፍባቸው የሚችሉትን ቦታዎች በግማሽ በግማሽ ኪሎ ሜትር ከፍዬ፣ እያንዳንዱን ክፍል በእግሬ ሄጄ፣ ሦስት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቄ፣ መቃብር፣ ጥንታዊ ቤት፣ ያረጀ ዛፍ ካለ ቅጽ ሰባት ላይ እሞላለሁ። ያለበት ቀይ ይቀባል፣ የሌለበት ነጭ ይቀራል። መስመር ደግሞ እንደ ውሃ ነው፣ ክፍት ወዳገኘበት ይሄዳል። ከረግረጉ በላይ ያለው ኮረብታ ቀይ በቀይ ሆኖ አንድ ክፍል ብቻ ነጭ ነበር። ሠላሳ አንድ፤ ከድሮው ጡብ ፋብሪካ በታች ያለው ተዳፋት።

"ሠላሳ አንድ ንጹሕ ነው?" አሉኝ አለቃችን።

ንጹሕ ነው አልኩ።

ሠላሳ አንድን አልሄድኩበትም። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ተዳፋቱ ጭቃ ሆኖ ሰው አያስወጣም። የሠላሳን ቅጽ ገልብጬ፣ የሠላሳን ሦስት ሽማግሌዎች ስም አስገብቼ ሞላሁት። ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ያው ናቸው። እንዲህ የማያደርግ ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ።

ሐሙስ 7

ሩጫ ብቻ። ሦስት ስብሰባ። አዲሱ መስመር ካርታ ላይ ተሰመረ፣ ሠላሳ አንድን በመሐል ለመሐል ሰንጥቆ። የእማዬን የጉልበት ቅባት መግዛት ረሳሁ። ነገ።

ቅዳሜ 9

ቅባቱን ገዛሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ እኔና እማዬ ብቻ ነን። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። ይህን ጉዳይ እማዬ በሳምንት አንዴ ታነሳዋለች፣ እኔም በሳምንት አንዴ እበሳጫለሁ፤ እንደ ደንብ ይዘነዋል። ጎረቤት "አንድ ለእናቱ" ሲለኝ ግን ፊቷን ታዞራለች። ሌላ ባለመውለዷ የምታፍር ይመስለኛል።

እማዬ በወጣትነቷ አሥራ አንድ ዓመት ጡብ ፋብሪካው ውስጥ ሠርታለች፤ ጭቃ በፎርማ እየመታች። መዳፏ እስከ ዛሬ ሻካራ ነው። ራት ላይ፣ ደስ ይላት እንደሆነ ብዬ፣ ባቡሩ በድሮ መሥሪያ ቤቷ በኩል ሊያልፍ መሆኑን ነገርኳት።

"ከፋብሪካው በላይ ነው በታች?" አለችኝ።

በታች ነው አልኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። እማዬ፣ መስመሩን የማወጣው እኔ አይደለሁ እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እጇን ከምግቡ ሰበሰበች። ጉልበቴ ነው ብላ በጊዜ ተኛች። የዚህ የማይረባ ቅባት ነገር አበሳጨኝ።

ማክሰኞ 12

ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር። ወጣት ነው፣ ፀጉሩን በደንብ ያበጠረ፤ ቅጾቻችንን ከመኪናው የጉዞ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ሾፌሩን አስጠራው። መዝገቡ ያን ቀን መኪናው አስፋልቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሟል ይላል። ለምን ተዳፋቱ ድረስ አልወጣም?

ሾፌራችን ስልሳ ሊሞላው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸልኝ። መኪናው ስለማይወጣ ነው፣ እሱ በእግሩ ሲወጣ እኔ እዚያው ሆኜ ጠበቅሁት አለ። ጫማው ላይ የነበረውን ጭቃ ሳይቀር ጨመረበት። ተቆጣጣሪው ምልክት አድርጎ አለፈ።

ውጪ ወጥተን ላመሰግነው ስል እጁን አወናጨፈ። "ኢንጂነር፣ አንድ ቀን ሄደህ እየው እንጂ" አለኝ። የታሪክ ምሩቅ መሆኔን እያወቀ ኢንጂነር የሚለኝ ሊያናድደኝ ሲፈልግ ነው። እሄዳለሁ አልኩት። የፊታችን ሳምንት ሥራ ሲቀንስ እሄዳለሁ።

ዓርብ 15

ችካል ተተከለ። እኔ አልነበርኩም፤ ሪፖርት ስጽፍ ዋልኩ። እማዬ ቁርስ አልበላችም፣ ምሳም አልበላችም። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት፣ እምቢ አለች። ችካሉ ምን ያህል ነው የሚራራቀው ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ሜትር።

ምን አስጠየቃት?

ሰኞ 18

እትዬ ረጅሟ እማዬን ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ፋብሪካው ውስጥ አብረው ሠርተዋል፤ ስማቸውን ማንም አያስታውሰውም፣ ቁመታቸው ግን እስከ ዛሬ በር ላይ ጎንበስ ያሰኛቸዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሸሚዝ ስተኩስ እነሱ ሳሎን በሹክሹክታ ያወራሉ።

"ቢያገኟቸውስ?" ይላሉ እትዬ ረጅሟ።

"ቢያገኟቸው ይሻል ነበር። ማሽን አያይም እኮ።"

"ዝም በይ። አርባ ስድስት ዓመት ዝም ብለሽ አሁን ምን ታመጪያለሽ?"

ስገባ ስለ ጉልበት ቅባት ማውራት ጀመሩ። ሁለት አሮጊት ሲገናኝ የድሮ ዕቃ መፈላለጉ አይቀርም፤ የሆነ ነገር ቀብረው ረስተው ይሆናል። እኔ የራሴ ጣጣ አለብኝ።

ሐሙስ 21

ወፊቱ ብስኩት ገዝታ መጣች፤ ለወፎቿ ምርቃት ነው አለች። ደስታዋ ደስ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ያስቀናል። የእኔዎቹ ክንፍ አላቸው፣ ካልተመቻቸው ይሄዳሉ፤ የሚያሳዝኑኝስ የአንተዎቹ ናቸው፣ ቢነሱ እንኳ አቤት አይሉም ብላ ቀለደችብኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ኮረብታው ይወጡ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ፣ ነገ ሠላሳ አንድን አንተ አሳየኝ አለችኝ። ነገ አይመቸኝም አልኳት። ከነገ ወዲያስ? እሱም አይመቸኝም። ትክ ብላ አየችኝ።

እንዲህ መጨነቄ አሁን ገና ገረመኝ። ያን ቀን እኮ እማዬ አሟት ስለነበር ነው ያልሄድኩት። እናቱ ታማበት ተዳፋት የሚወጣ ማን ነው?

እሑድ 24

እማዬ ዛሬ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሽማግሌ ስንጠይቅ ማንን እንደምንጠይቅ ማወቅ ፈለገች። አካባቢውን የሚያውቁ ትላልቅ ሰዎችን ነው አልኳት።

"ወንድ ብቻ ነው?"

ወንድ ብቻ የሚል ደንብ የለም፣ ግን ስንደርስ የሚጠሩልን ወንዶቹን ነው አልኳት። ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ደግሞም አያወሩም። ለምን ትጠይቂኛለሽ? እንዲሁ ነው አለች፣ ሳህኑን አነሳች።

እልህ ያዘኝና ከሰዓት ቅጾቹን አገላበጥኩ። ስልሳ አራት ቅጽ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ስም፣ መቶ ዘጠና ሁለት ሰው። ከዚያ ውስጥ ሴቶቹ አራት ናቸው። አንዷም የባሏን ስም ነው ያስሞላችኝ።

ሐሙስ 28

ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። እማዬ የለችም። በዚያ ጉልበቷ ከግቢው በር አልፋ አታውቅም። ጤና ጣቢያ ሮጥኩ፣ እትዬ ረጅሟ ቤት ሮጥኩ፣ ገበያውን ዞርኩ። ሲመሻሽ የመሥሪያ ቤታችን መኪና በራችን ላይ ቆመ። ጋሼ ቀያሾቹን ሊያመጣ ሄዶ፣ ከጡብ ፋብሪካው በታች መሬት ላይ ተቀምጣ አግኝቶ አመጣት። እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነው። እንዴት እንደወጣች አላውቅም።

ተቆጣኋት። ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። የድሮ መሥሪያ ቤቴን ልሰናበት ሄጄ ነው አለች፣ አቀርቅራ እጇን ታጠበች።

ጋሼ ወደ ውጪ ጠቀሰኝ።

"እናትህ ጡብ ሲገለብጡ ነው ያገኘኋቸው" አለኝ። "አንዱን ያነሱና አይተው መልሰው በፊቱ ይደፉታል። ከዚያ ሌላውን። ምን ጠፋብዎት ስላቸው፣ 'የእኔው' አሉኝ።"

እርጅና ነው አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ቅዳሜ 30

ዛሬ ተናገረች። እኔ አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ጀመረች። አልጋዋ ላይ ሆና ጉልበቷን ትቀባለች፣ እኔ ጋዜጣ ይዣለሁ።

"ከአንተ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ" አለች።

ሰባተኛ ወሯ ላይ ሥራ ቦታ ምጥ ያዛት። ልጅቷ የተወለደችው ሴቶቹ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሳትተነፍስ። አንዷ ሴት በጨርቅ ጠቅልላ ወደ መቃብር ቦታው ይዛት ሄደች፤ ዘበኛው ወረቀት የሌለው አይገባም ብሎ መለሳት። ሞቶ ለተወለደ ማን ወረቀት ይጽፋል? ፎርማኑ ደግሞ የፈቀደው የምሳ ሰዓቱን ብቻ ነበር። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ልብሳቸውን ዘርግተው ከለሉ፣ ከፋብሪካው በታች ቆፈሩ፣ ቀበሯት። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እማዬም ተመለሰች።

ቦታው ከእሷ በፊትም ነበረ። ሴቶቹ ለየልጆቻቸው ጡብ ይሠሩ ነበር፤ ጭቃው ሳይደርቅ እናትየዋ አውራ ጣቷን ትጫንበታለች፣ ከሌላው ጡብ ጋር ይተኮሳል፣ ከዚያ መቃብሩ ላይ በፊቱ ይደፋል። ፎርማኑ ቢያይ ያለቀለት ጡብ ተሰርቋል ይል ነበር። እማዬ ፋብሪካውን እስክትለቅ ሃያ ሦስት ቆጥራለች።

አባዬ ያውቅ ነበር ወይ አልኳት። አላውቅም፣ አልጠየቀኝም አለች።

የሰው ሁሉ መቃብር ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእህቴ መቃብር ከቤቴ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። እህቴ የሚለውን ቃል ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "ሄደህ ስታየው ጡቦቹን አላየሃቸውም?"

አየኋቸው አልኩ። ጡብ ፋብሪካ አጠገብ ጡብ ማየት ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት አልኳት።

"እሱስ እውነትህን ነው" አለችኝ። አመነችኝ። ጉልበቷን ሸፍና ጋደም አለች፣ ለሳምንታት ያላየሁት እፎይታ ፊቷ ላይ ነበር። "እንግዲህ አስቁመው። አንተ አይደለህ እዚያ የምትሠራው።"

እሺ አልኳት።

ማክሰኞ 3

አልተናገርኩም። ትናንት አለቃ አልነበሩም። ዛሬ ነበሩ፤ በራቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ቅጹ ሐሰት ነው ካልኩ ጋሼም ለተቆጣጣሪው ዋሽቷል ማለት ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። እኔ ባጠፋሁት እሱ ይባረር? ለእሱ ብዬ ነው የምዘገየው። ለራሴማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት እናገር ነበር።

ሌላ መንገድ አለ። ተጨማሪ መረጃ የሚባል ቅጽ አለን። ሦስት ሰው አውቃለሁ ብሎ ከፈረመ የድሮው ቅጽ ሳይነካ ክፍሉ ቀይ ይሆናል። ማንም አይጠየቅም። እማዬ አንድ፣ እትዬ ረጅሟ ሁለት። ሦስተኛ አይጠፋም።

ዶዘሮቹ ክፍል ሃያ ስድስት ላይ ናቸው። ዝናብ ሳይገባ ብለው እሑድ ብቻ ነው የሚያርፉት።

ረቡዕ 4

እትዬ ረጅሟ ጋ ሄድኩ። ቅጹን ሳሳያቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰወሩ። ባላቸው በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል፣ ሳላቸው ይሰማል።

"እሱ ሳይሞት ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም" አሉኝ። "የመጀመሪያ ልጃችን የመጀመሪያዋ እንዳልሆነች አያውቅም። አሁን በወረቀት ነው የምነግረው?"

ሌሎቹስ የት አሉ አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። አብዛኞቹ አፈር ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱ የት እንደገቡ አይታወቅም፣ አንዷ አእምሮዋን ስታለች። ስወጣ እጄን ይዘው አትቀየመኝ አሉ።

ስለዚህ የቀረችው እማዬ ብቻ ናት። አንድ ሰው በቅጹ አይቆጠርም።

ከሰዓት ጋሼን ጋራዡ ኋላ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። ለአንተ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት አልኩት። መኪናውን እያጠበ ነበር፣ ጨርቁን ጨምቆ ሰቀለው።

"በእኔ አታመካኝ" አለኝ። "እኔ የዋሸሁት ትሄዳለህ ብዬ ነው።"

ሐሙስ 5

ተናገርኩ። ደብዳቤ ጽፌ ገባሁ፤ የሠላሳ አንድ ቅጽ ሐሰት ነው፣ ቦታው መቃብር ነው፣ ሥራው ይቁም ይላል።

አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም። "አሁንስ ቦታውን ሄደህ አይተሃል?" አሉኝ። አልሄድኩም አልኩ። "ታዲያ መቃብር መሆኑን በምን አወቅህ?" እናቴ ነገረችኝ። እናትህ አሉ፣ ደብዳቤውን አጠፉት። ወደ ላይ አስተላልፈዋለሁ፣ እስከዚያው መታወቂያህን፣ ካሜራውንና ጂፒኤሱን አስረክብ አሉኝ። ጉዳዩ እስኪጣራ ታግጃለሁ፤ መስኩ ላይ መታየት አልችልም። ሥራው ታግዷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እሱ የእኔ ሥልጣን አይደለም አሉ።

የጋሼን ቁልፍ ከምሳ በፊት ተቀበሉት። ጃኬቱን ከመኪናው አውጥቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ወርጄ ላናግረው አልደፈርኩም።

እቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ጡቦቹን አላየኋቸውም፣ ሄጄ አላውቅም አልኳት። 

"ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር" አለች። "መጠየቅ ግን ነበረብህ።"

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። እማዬም አላመማትም። ፀሐይ ነበር፣ ሠላሳን ጨርሼ ደክሞኝ ነበር፤ ለአምስት ደቂቃ ልረፍ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ጋሼ ጃኬቱን አልብሶኝ ነበር። ስነቃ ሊመሽ ስለሆነ ቅጹን እዚያው ጉልበቴ ላይ ሞላሁት።

ማክሰኞ 10

ደብዳቤው ምን ደረሰ ብዬ ለአለቃ ደወልኩ። በሂደት ላይ ነው።

ወፊቱ ደወለች። ሠላሳ አንድ ከተዘጋ መስመሩ ወደ እኔዎቹ ይመለሳል ማለት ነው አለችኝ። አዎ አልኩ። "እኔ ሦስት ወር በጉልበቴ ነው የሄድኩት" አለችና ዘጋችው። እውነቷን ነው። ወፎቿን ያዳናቸው የእኔ ነጭ ወረቀት መሆኑን ሳታውቀው ብትቀር ይሻላት ነበር።

ዓርብ 13

በሂደት ላይ ነው።

እማዬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ቆመ ወይ ብላ ግን አትጠይቀኝም። ሦስት ጊዜ ጫማዬን አድርጌ ወደ ኮረብታው ልሄድ ተነሳሁ። ታግደሃል፣ ከተያዝክ ደብዳቤውን ታበላሸዋለህ እያልኩ ራሴን መለስኩ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

እሑድ 15

ትናንት ጋሼ ደወለ። ሠላሳ አንድ ደርሰዋል፣ ነገ ማሽኖቹ ይቆማሉ፣ እናትህን ይዘህ ውጣ አለኝ። ደርሰዋል ሲል ሊጀምሩ ነው ማለቱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የአማቹን መኪና ተውሶ መጣ። ስለ ሥራው ልጠይቀው ስል ዛሬ እሱን ተወው አለኝ። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር።

ከፋብሪካው የቀረው የሴቶቹ መኝታ አንድ ግድግዳና የበሩ ደፍ ነው። እማዬ ደፉ ላይ ቆመች። ከዚህ ነው የሚቆጠረው፣ ቀጥታ ወደ ታች አርባ እርምጃ አለችኝ። ክንዴን ይዛ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስድስት ላይ መሬቱ አለቀ።

ከእግራችን ሥር የባቡሩ መንገድ ተቆርጧል። ጥልቀቱን ሳልለካ አውቀዋለሁ፤ ዕቅዱ ላይ ስድስት ሜትር ተኩል ነው። ጎኑ በቢላ እንደተቆረጠ ልሙጥ ነው፣ ታች የጎማ ዱካ ብቻ ይታያል። እማዬ አልጮኸችም። ክንዴን ሳትለቅ የቀሩትን አሥራ አራት እርምጃዎች በጣቷ ቆጠረች፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ባዶው። አርባ ስትል ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

"እዚያ ነበረች" አለች።

እኔም ያቺ ጣት ወዳመለከተችበት አየሁ። ምንም የለም። ከታች ያለው መሬት እንኳ ያ መሬት አይደለም።

"አፈሩን የት ወሰዱት?"

ይህን አውቃለሁ። ከሠላሳ አንድ የሚወጣው አፈር ለክፍል አሥራ ሁለት ሙሌት ነው፤ ከረግረጉ ማዶ ያለው ሜዳ ዝቅ ስለሚል መስመሩ እንዲደላደል በዚህ አፈር ይሞላል። ነገርኳት። ውሰደኝ አለች።

ሙሌቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የሦስት ኮረብታ አፈር ተቀላቅሎ፣ በሮለር ተዳምጦ፣ እንደ አስፋልት ጠንክሯል። አልፎ አልፎ የጡብ ስባሪ ከአፈሩ ውስጥ ብቅ ብሎ ይታያል። የሠላሳ አንዱ የት ጋ እንደተደፋ ማንም ሊለየው አይችልም አልኳት። እሺ አለችና ከአንዱ ጫፍ መራመድ ጀመረች።

ጋሼ ሮጦ ደረሰባት። እማማ፣ ሩቅ ነው፣ ይህ ጉልበት አያደርስዎትም፣ በመኪና ዳር ዳሩን እንውሰድዎት አላት። አልቆመችም። እኔም ተከትዬ፣ እማዬ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ከዚህ ሆነሽ ብታይው ይበቃል አልኳት።

"አንተ ከደከመህ መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ" አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም። ያለችውን ያህል ብቻ ነው ያለችው። መሬት መሬቱን እያየች መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ሄድኩ። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ በየሃያ እርምጃው እንቆም ነበር። መጨረሻው ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።